«ለሁሉም ይሆናል» የሚባለውን የፔዳል ሻፍት አትግዙ

የባሕር ዳር ብስክሌተኞች፣ በተለይ የአባቶቻችሁን አሮጌ ብስክሌት አሳድሳችሁ ለመንዳት የምታስቡ፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ።

አባቴ ለብዙ ዓመታት ሥራ የተመላለሰበት ጣሊያን ሠራሽ ብስክሌት አለን። ባለፈው ክረምት ፔዳሉ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዝ ጀመር። ሳስፈታው ሁለቱን የፔዳል ክንዶች የሚያገናኘው ሻፍት፣ ኳሶቹ በሚሽከረከሩበት ቦታ ላይ ተበልቶ ጎድጉዷል። አሮጌውን ይዤ ገበያ ወጣሁ። መለዋወጫ ሻጩ ግን በእጁ እንኳን ሳይነካው ከመደርደሪያ አንድ አወረደና «ይህ ለሁሉም ይሆናል፤ ጫፉ አራት ማዕዘን እስከሆነ ድረስ አንድ ነው» አለኝ። አመንኩትና 1,400 ብር ከፈልኩ።

አንድ አይደለም። አራት ማዕዘኑ ጫፍ ሁለት ልክ አለው፤ አንደኛው የጃፓን፣ ሌላው ጣሊያኖች የሚከተሉት ዓለም አቀፍ ልክ ነው። ሁለቱም ጎናቸው በ2 ዲግሪ እየሾጠጠ ስለሚሄድ በዓይን አይለዩም፤ የሚለያዩት በጫፋቸው ውፍረት ነው። የጃፓን አምራቾቹ ሺማኖና ሱጊኖ በአብዛኛው በጃፓኑ፣ የጣሊያኑ አምራች ካምፓኞሎ በሌላኛው ሠርተዋል። የጃፓኑ ወፈር ስለሚል የጣሊያኑ ክንድ ቦታው ድረስ አይገባም፤ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይቀራል። የጃፓን ክንድ በጣሊያን ሻፍት ላይ ሲሆን ደግሞ ከመጠን በላይ ጠልቆ ይገባል፤ ቡሎኑ ክንዱን መጫኑ ቀርቶ የሻፍቱን ጫፍ ሊጫን ይችላል፤ ያኔ ክንዱ እያደር ይላላል።

የእኔ ባለጥርስ ክብ ወደ ውጭ ወጥቶ ካቴናው ሰያፍ ሆነ። እንደ እኔው በፔዳሉ በኩል ሁለት ባለጥርስ ክብ ባለው ብስክሌት፣ ከቴላዮው (ከብስክሌቱ አጽም) መካከል እስከ ሁለቱ ክቦች መካከል ያለው ርቀት 43.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የእኔ 48 ደረሰ። ተመልሼ ለሻጩ ስነግረው፣ እዚያ የሚሠራው ልጅ «ሲጠብቅ ይገባል» ብሎ በረጅም ቁልፍ ቡሎኑን በሙሉ ክብደቱ ተጫነው። የገባ መሰለን። በሦስተኛው ቀን የዓባይን ድልድይ ተሻግሬ የቤዛዊትን ዳገት ቆሜ ስረግጥ «ጠቅ» አለ። ወርጄ በጣቴ ዳሰስኩት። ከአራት ማዕዘኑ ቀዳዳ አንዱ ጥግ የተነሣ የፀጉር ያህል ስንጥቅ እስከ ክንዱ ጠርዝ ዘልቋል። አሉሚኒየም ነውና ቢበየድም እግር የሚታመንበት አይሆንም። ሻጩ «ያበላሸኸው አንተ ነህ» ብሎ ገንዘቡን አልመለሰም። ብሩስ ይቅር፤ የአባቴን እግር ያን ሁሉ ዓመት የተሸከመው ክንድ ግን በከተማችን ምትክ አልተገኘለትም።

ስለዚህ ስትሄዱ አሮጌውን ሻፍትም ክንዱንም ይዛችሁ ሂዱ። ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ከሌላችሁ ቶርኖ ቤት ጎራ በሉ። ጠቅላላ ርዝመቱን ብቻ ለክታችሁ እንዳትመለሱ፤ የጫፉን ውፍረትና በሁለቱ የኳስ መቀመጫዎች መካከል ያለውን ርቀትም ለኩ። ርዝመታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ሻፍቶች በዚህ ርቀት ሊለያዩ ይችላሉ፤ የጣሊያን ቴላዮ ሻፍቱ በሚያልፍበት ቦታ 70 ሚሊ ሜትር ስፋት ሲኖረው የተለመደው የእንግሊዙ 68 ነው። የእኔ በዚህ በኩል በአጋጣሚ ስለገጠመ ነው የተታለልኩት። ከዚያ ክንዱን በአሮጌው ሻፍት ላይ በእጅ ብቻ ሰክታችሁ የደረሰበትን በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ በአዲሱም ላይ ሞክሩትና አወዳድሩ። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ አትክፈሉ። «በሞረድ ትንሽ እናነሳለታለን» ወይም «ቆርቆሮ እንሸጉጥበታለን» ካላችሁም ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ኳሶቹን የሚይዙትን ክዳኖች የሚፈታውንም ሰው ተጠንቀቁ። በእንግሊዙ ልክ በካቴናው ወገን ያለው ክዳን የሚፈታው በተቃራኒ አቅጣጫ ነው፤ በጣሊያኑ ግን ሁለቱም እንደማንኛውም ቡሎን ናቸው። ይህን የማያውቅ ሰው በጉልበት ካዞረው የቴላዮውን ጥርስ ይበላዋል።

ክንዳቸው በሽብልቅ የሚያያዝ የቆዩ ብስክሌቶች ያላችሁ፣ እናንተ የምትለኩት ሽብልቁን ነው፤ 9.5 ሚሊ ሜትርም 9 ሚሊ ሜትርም አለ።

ያን ሻፍት ፈትቼ አስቀምጬዋለሁ። ርዝመቱ 115 ሚሊ ሜትር ነው። የጃፓን ልክ ክንድና ባለ70 ሚሊ ሜትር ቴላዮ ያለው ሰው ለክቶ ከገጠመለት በነፃ ይውሰደው።