ተንደርበርድ፣ አውትሉክ ወይስ ኢኤም ክላየንት? ኔትወርክ ለሚያስቸግረን

ጎንደር ፒያሳ ላይ ትንሽ የአስጎብኚ ቢሮ አለችኝ። ጥምቀት ሲቃረብ ኢሜይል ይጎርፋል። ኔትወርኩም የሚያኮርፈው ያኔ ነው። አንዴ እንግዳዬ ፊቴ ቆሞ የሆቴል ማረጋገጫውን ሲጠይቀኝ ብሮውዘሩ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ከዚያ ወዲህ ኢሜይሌን ላፕቶፔ ላይ በሚያስቀምጥ ፕሮግራም ነው የምሠራው።

የምጠቀመው ተንደርበርድን ነው። ነፃ ነው፤ የሚተዳደረው ከተጠቃሚዎች በሚሰጥ መዋጮ ነው። የሞዚላ ሰዎች የመጀመሪያውን ሙሉ እትም ያወጡት በ2004 እ.ኤ.አ. ሲሆን በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል። የግል ጂሜይሌና የቢሮው አድራሻ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። መልኩ ግን አይማርክም፤ የሥራ ባልደረባዬ «የቀበሌ መዝገብ» ይለዋል። ይበል! መብራት ጠፍቶ ዋይፋዩ ሲቋረጥ በኦፍላይን የጻፍኩትን መልስ ይይዝልኛል፤ መስመር ሲመለስ «ልላከው?» ብሎ ይጠይቃል። ዳታ ለሚቆጥብም አንድ ነገር አለው፦ በአካውንቱ ሴቲንግ ውስጥ ከዚህ መጠን በላይ የሆነውን አታውርድ ማለት ይቻላል። እንግዶች የሰሜን ተራሮችን ፎቶ ሲልኩ ይህ ብዙ አድኖኛል።

አውትሉክ ሁለት ነው፤ ስሙ አንድ ስለሆነ ሰው ይሳሳታል። የድሮው ከማይክሮሶፍት ኦፊስ ጋር የሚገዛው ነው። መሥሪያ ቤታችሁ ኤክስቼንጅ (የማይክሮሶፍት የመሥሪያ ቤት ኢሜይልና ካላንደር ሲስተም) የሚጠቀም ከሆነ አትከራከሩ፣ እሱን ያዙ። የስብሰባ ቀጠሮና የጋራ ካላንደር ላይ የሚደርስበት የለም። አዲሱ አውትሉክ ደግሞ ዊንዶውስ ላይ በነፃ የሚገኘው ነው። ነፃው ማስታወቂያ ያሳያል፤ ጂሜይል ስትጨምሩበት ደግሞ የመልእክቶቻችሁን ቅጂ ወደ ማይክሮሶፍት ክላውድ ይወስዳል። የደንበኛ ፓስፖርት በኢሜይል ለሚቀበል እንደኔ ላለ ሰው ይህ ይከብዳል።

ኢኤም ክላየንት ያምራል፣ ለመልመድም ቀላል ነው። ለግል ጉዳይ እስከ ሁለት አካውንት በነፃ ይሠራል። ለንግድ ግን ይከፈልበታል፤ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ መሆኑን አስቡት። ሊኑክስ ላይ የለም።

የትኛውንም ብትመርጡ ፕሮግራሙ ውስጥ አካውንት ስትከፍቱ አይማፕ (IMAP) በሉ፤ ደብዳቤው ሰርቨሩ ላይ፣ ማለትም የኢሜይል ድርጅቱ ኮምፒውተር ላይም ይቀራል። ሌላው አማራጭ፣ ፖፕ (POP)፣ ደብዳቤውን አውርዶ ከሰርቨሩ ሊያጠፋው ይችላል፤ ላፕቶፑ ከተበላሸ አብሮ ሄደ ማለት ነው። የተንደርበርድን የፕሮፋይል ፎልደር (ደብዳቤዎቹና ሴቲንጉ የሚቀመጡበትን) ደግሞ በወር አንዴ ፍላሽ ላይ ገልብጡ። የኔ ፍላሽ ቢሮ አያድርም፣ አዘዞ ቤቴ ነው ያለው።