የጅማ በርጩማ፦ መጥረብ መማር ወይስ ሲጠረብ ማየት?

ባለሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ያለ ሚስማር ከአንድ ግንድ ይወጣል። ወለሉ ጎርባጣ ቢሆንም አይወዛወዝም። ሥራው ሲማርከን የሚነሳው ጥያቄ ይህ ነው፦ መጥረቡን እንማር ወይስ ጠራቢው ሲሠራ ማየቱ ይበቃናል?

ወጪ፦ ለማየት ከጠራቢው አንድ ዕቃ መግዛት ይበቃል፤ ቆሞ አይቶ ባዶ እጅ መሄድ ግን ነውር ይመስለኛል። ለመማር የመሣሪያውንና ጀማሪ የሚያበላሸውን ግንድ ዋጋ ያስቡ።

አደጋ፦ ለተመልካች ፍንጣሪ ብቻ ነው፤ ራቅ ይበሉ። ለተማሪ መጥረቢያው እግር አጠገብ ይወርዳልና ድፍን ጫማ ግድ ነው።

የሚገኘው ዕውቀት፦ ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። እርጥብ እንጨት ለስላሳ ስለሆነ ሻካራው ቅርጽ የሚወጣው ያኔ ነው። ከዚያ በጥላ ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ ፀሐይ ላይ ከተተወ ጫፉ ከመሐሉ ቀድሞ ስለሚደርቅ ይሰነጠቃል። በአንድ ጠዋት የሚያየው ሰው ከዚህ ሁሉ አንዱን ደረጃ ብቻ ያያል። የሚማር ግን መሮው በእንጨቱ መስመር ሲሄድና መስመሩን ሲቃወም ያለውን ልዩነት በእጁ ይለያል።

ልጆች ይዞ ለመጣ ወይም ለሚያልፍ እንግዳ ማየቱ ይስማማል፤ የጅማ ሙዚየምን የአባ ጅፋር ዕቃዎች ቢጨምርበት ደግሞ የበለጠ ይገባዋል። ከተማው ውስጥ ለሚኖርና ሙያውን ለሚወድ ወጣት ግን መማሩን እመክራለሁ፤ በተለይ ሳምንታት መመላለስ ከቻለ።