ልጃችንን ለተንከባከቡልን የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ነርስ፦ ምስጋና እና ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ጊዜዋ ሳይደርስ የተወለደች ልጃችንን በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ለተንከባከቡልን ነርስ በአደባባይ ምስጋና ለማቅረብ፣ እግረ መንገዴንም ለክፍሉ ኃላፊዎች እና ልጃቸው እንዲህ ባለ ክፍል ለተኛባቸው ወላጆች ጥቆማ ለመስጠት ነው። ሲስተር ስማቸው እንዲጠቀስ ስላልፈለጉ አልጻፍሁትም፤ አብረዋቸው የሚሠሩት ግን ስለ ማን እንደምናገር ለመለየት የሚቸገሩ አይመስለኝም።

ብዙ ሰው ነርስን ሐኪሙ ያዘዘውን የሚፈጽም ባለሙያ ብቻ አድርጎ ያያል። በዚያ ክፍል ውስጥ ጥቂት የቆየ ሰው ግን ይህ ግምት ምን ያህል ጎዶሎ እንደሆነ ይረዳል። ሐኪሞቹ በዙር ሰዓት መርምረው፣ ወስነው ወደ ቀጣዩ ሕፃን ያልፋሉ፤ በሁለት ዙሮች መካከል ባለው ረጅም ሰዓት የሕፃኑን መለዋወጥ ቀድሞ አይቶ ሐኪሙን የሚጠራው ነርሱ ነው። ከሞኒተሩ የማንቂያ ደወል ሲሰማ ሲስተር አስቀድመው የሚመለከቱት ልጅቷን እንጂ ሞኒተሩን አልነበረም። የከንፈሯን ቀለም እና የደረቷን እንቅስቃሴ ካዩ በኋላ፣ ደወሉ የጮኸው ከእግሯ ላይ የተንሸራተተው መለኪያ ስላሳሳተ ይሁን ወይም በእርግጥ መተንፈስ አቁማ ይሁን ወዲያው ይለያሉ። ጊዜያቸው ሳይደርስ የሚወለዱ ሕፃናት አተነፋፈስን የሚቆጣጠረው የአንጎላቸው ክፍል ገና ስላልበሰለ ለ20 ሴኮንድ ወይም ከዚያ በላይ ትንፋሻቸው ሊቋረጥ ይችላል፤ ለዚህም ካፌይን በመድኃኒትነት ይሰጣቸዋል። ብዙውን ጊዜ ጀርባን ወይም የእግርን መዳፍ በቀስታ ማሸት ትንፋሹን ይመልሰዋል። እርሳቸው ይህን ሲያደርጉ እጃቸውም ድምፃቸውም አይረበሽም፤ የእኛም ድንጋጤ በዚያው ልክ ይበርድ ነበር።

የኦክስጅኑን ጉዳይ ለብቻው ማንሳት እፈልጋለሁ። ወላጅ ሞኒተሩ ላይ በልጁ ደም ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን 99 ወይም 100 በመቶ ሆኖ ሲያይ ደስ ይለዋል። ሲስተር ግን ቁጥሩ እዚያ ሲደርስ የሚሰጠውን ኦክስጅን ቀስ አድርገው ይቀንሱ ነበር። ምክንያቱን ስንጠይቃቸው ኦክስጅን ሲያንስ አንጎልንና ሌሎች አካላትን እንደሚጎዳ፣ ሲበዛ ደግሞ ገና በማደግ ላይ ያሉትን የዓይን የደም ሥሮች አበላሽቶ እስከ ዓይነ ስውርነት ሊያደርስ እንደሚችል፣ ስለዚህም ኦክስጅን የሚሰጣቸው እንዲህ ያሉ ሕፃናት በደማቸው ያለው የኦክስጅን መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከ90 እስከ 95 በመቶ ባለው ክልል እንዲቆይ እንደሚደረግ በሚገባን ቋንቋ አስረዱን። በሥራ ብዛት መካከል ቆሞ ይህን ያህል ማስረዳት ከማንም የሚጠበቅ አይደለም።

የቀረው ሥራቸው ከሩቅ ለሚያየው ተራ ይመስላል። ሽንት ጨርቁን ይመዝናሉ፤ የክብደቱ ጭማሪ አንድ ግራም ከአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ጋር ስለሚቀራረብ ኩላሊቷ እንዴት እንደሚሠራ ያወቁት ከዚያ ነበር። እንቅልፏ በየደቂቃው እንዳይቆራረጥ ሙቀት መለካትን፣ ጨርቅ መቀየርን እና በቱቦ መመገብን በአንድ ጊዜ አከናውነው ያሳርፏታል። ለደም ምርመራ ተረከዟ በሚወጋበት ጊዜ እጅና እግሯን ሰብሰብ አድርገው ይይዟታል፣ ከንፈሯንም በእናቷ ወተት ያርሱላታል። ባለቤቴ የምታልበው ወተት ጠብታ ብቻ በነበረበት ጊዜ እንኳ የእናት ወተት አንጀትን ከሚያበላሽ አደገኛ ሕመም እንደሚጠብቃት ነግረው ያበረታቷት እርሳቸው ናቸው። መጥባትን፣ መዋጥን እና መተንፈስን ማቀናጀት የሚቻለው ዕድሜዋ ከእርግዝናው መጀመሪያ ሲቆጠር ከ34ኛው ሳምንት አካባቢ ጀምሮ ስለሆነ እስከዚያ በቱቦው መታገሥ እንደሚገባም ነግረውናል።

ለእኔ ለአባቷ ትልቁ ስጦታ የካንጋሮ እንክብካቤ፣ ማለትም ሕፃኑን በወላጅ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አስተኝቶ የማቀፍ ዘዴ ነው። ይህ ዘዴ በ1978 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፣ የማሞቂያ መሣሪያ እጥረት ባጋጠመበት ሆስፒታል በዶክተር ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ የተጀመረ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክረ ሐሳብ ይህ እንክብካቤ ጊዜያቸው ሳይደርስ ለሚወለዱ ሕፃናት ከተወለዱ በኋላ በተቻለ ፍጥነት ተጀምሮ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲሰጣቸው ይመክራል። ሲስተር «አባቷ፣ ይምጡ» ብለው ደረቴ ላይ ሲያስተኟት ሽቦውንና ቱቦውን ሁሉ አንድ በአንድ አስተካክለው፣ የሙቀት መጠኗ ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል መሆኑን እየለኩ ከአጠገቤ አልራቁም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ልጃችን ቢጫ ሆና በሰማያዊ ብርሃን ሥር በተኛች ጊዜ ስለዚህ ሕክምና አነበብሁ። መነሻው በ1950ዎቹ አጋማሽ በእንግሊዝ አገር በሮችፎርድ ሆስፒታል የምትሠራ ሲስተር ዋርድ የተባለች ነርስ ትዝብት ነበር፤ ፀሐይ ያገኘው የሕፃኑ ቆዳ ቢጫነቱ ሲቀንስ በጨርቅ የተሸፈነው ግን እንዳለ መቅረቱን አስተውላ ለሐኪሞች አሳየች፣ በ1958 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዶክተር ክሬመርና ባልደረቦቹ የጥናት ውጤት አሳተሙ። ይህን አንብቦ ቢጫ የሆነ ሕፃን በሕክምናው ፈንታ ፀሐይ ላይ የሚያወጣ እንዳይኖር አደራ፤ የብርሃኑ ዓይነትና መጠን የሚለካ፣ ዓይንም የሚሸፈንበት ሕክምና ነው። ያነሳሁት ነርስ አተኩራ በማየቷ ብቻ ምን ያህል ሕፃናት እንደተረፉ ለማሳየት ነው።

ለኃላፊዎች ያለኝ ጥቆማ አጭር ነው። እንዲህ ያለ ዓይን በዓመታት ልምድ የሚገኝ ስለሆነ እኚህን ባለሙያ ወደ ሌላ ክፍል አታዘዋውሩብን፤ አዲስ የሚቀጠሩ ነርሶችም ከእርሳቸው ጎን ቆመው እንዲማሩ ጊዜ ይመደብላቸው። አንድ ነርስ በአንድ ፈረቃ የሚይዛቸው ሕፃናት ሲበዙ የትኛውም ትጋት እንደማይበቃም አትርሱ።

ልጃቸው ለተኛባቸው ወላጆች ደግሞ፦ ነርሷን ለመጠየቅ አትፈሩ። ሕፃኑ የተኛበትን የማሞቂያ ሳጥን ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን በሚገባ ታጠቡ፣ ካንጋሮ መቼ መጀመር እንደምትችሉ ራሳችሁ ጠይቁ፣ ከመውጣታችሁ በፊትም የአደጋ ምልክቶችን አጥኑ። እኛን ሲስተር ያሰናበቱን ጡት እምቢ ማለትን፣ ደረት ወደ ውስጥ እየገባ በችኮላ መተንፈስን፣ ከመጠን በላይ መሞቅን ወይም መቀዝቀዝን እና የከንፈር መጥቆርን በየተራ መልሰን እንድንነግራቸው ካደረጉ፣ የዓይን ምርመራ ቀጠሮዋንም በካርዷ ላይ ካስጻፉ በኋላ ነው። ለእርሳቸውና ስማቸውን እንኳ ለመጠየቅ ላልደረስንባቸው የሌሊት ፈረቃ ባልደረቦቻቸው እኔም ባለቤቴም ከልብ እናመሰግናለን።