«ባዮኔታ 2»፦ ኔንቴንዶ ለሌላ ሰው ጌም ለምን ከፈለ?

«ባዮኔታ 2» ሲጀምር የጌሙ ጀግና ጠንቋይዋ ባዮኔታ ለገና ዕቃ ልትሸምት ወጥታለች፤ ብዙም ሳይቆይ በሚበር የጦር ጄት ጀርባ ላይ ቆማ ከመላእክት ጋር ስትፋለም እናያታለን። የጠላት ምት ሊያርፍባት ሲል፣ ሳንቸኩልም ሳንዘገይም ቁልፉን ተጭነን ካስመለጥናት፣ በዙሪያዋ ያለው ሁሉ ለጥቂት ጊዜ ይንቀራፈፋል፤ እርሷ ግን በፍጥነቷ ትቀጥላለች። ይህ አንድ ብልሃት ጌሙ እስኪያልቅ አይሰለችም። ከተጫወትኳቸው የፍልሚያ ጌሞች መካከል ይህን ያህል እጅን የሚያስደስት አላገኘሁም።

የመጀመሪያው «ባዮኔታ» እ.ኤ.አ. በ2009 ጃፓን ውስጥ ፕሌይስቴሽን 3 እና ኤክስቦክስ 360 ለተባሉት ኮንሶሎች (የጌም መጫወቻ መሣሪያዎች) የወጣ ሲሆን፣ አሳታሚው ሴጋ ነበር። በ2012 ግን የጃፓኑ የጌም ኩባንያ ኔንቴንዶ ሁለተኛው ክፍል ዊ ዩ በተባለው አዲሱ ኮንሶሉ ላይ ብቻ እንደሚወጣና አሳታሚውም እርሱ እንደሚሆን ሲያስታውቅ፣ ብዙ ተጫዋቾች «ጌማችንን በገንዘብ ነጠቀን» ብለው ተቆጡ። ቁጣቸው ይገባኛል፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይመስለኝም። ሴጋ በዚያው ዓመት የሚያወጣቸውን ጌሞች ቀንሶ በጥቂት የታወቁ ስሞች ላይ እንደሚያተኩር አስታውቆ ነበር፤ ጌሙን የሠራው ፕላቲነም ጌምስም ኔንቴንዶ ባይኖር ኖሮ ሁለተኛው ክፍል እንደማይኖር በይፋ ተናግሯል።

ኔንቴንዶ ይህን ያደረገው በቸርነት አይደለም። ዊ ዩ ገበያ ላይ ሲውል ከወጪው በታች ይሸጥ ነበር፤ ትርፉ የሚጠበቀው ባለቤቱ ወደፊት ከሚገዛቸው ጌሞች ነው፤ ሌሎች ኩባንያዎች ከሚሸጡት ከእያንዳንዱ ጌም እንኳ ለኮንሶሉ ባለቤት ድርሻ ይደርሰዋል። ስለዚህ የ«ባዮኔታ 2» ሂሳብ በራሱ ሽያጭ ብቻ አይዘጋም። የኔንቴንዶ ዝነኛ ጀግና ማሪዮ የልጆች ነው ብሎ የኔንቴንዶን ደጅ ረግጦ የማያውቅ ጎልማሳ ተጫዋች ለዚህች ጠንቋይ ሲል ኮንሶሉን ከገዛ፣ ከዚያ በኋላ የሚገዛው ሁሉ የሂሳቡ አካል ነው። በ2014 ጌሙ ሲወጣ የመጀመሪያው ክፍል አብሮ መሰጠቱም ከዚሁ ስሌት የመነጨ ይመስለኛል፤ ታሪኩን ከሥር ያልተከታተለ አዲስ ገዢ ሰበብ እንዳያገኝ።

ስሌቱ በዊ ዩ ላይ አልሠመረም። ዊ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሲሸጥ ተተኪው ዊ ዩ 13.5 ሚሊዮን ገደማ ላይ ቆመ፤ ያን ያህል የወደቀን ኮንሶል አንድ ጌም፣ ምንም ያህል ግሩም ቢሆን፣ ሊያነሳው አይችልም። ገንዘቡ ግን ባክኖ አልቀረም፤ ጌሙ በ2018 ስዊች ወደተባለው ቀጣዩ የኔንቴንዶ ኮንሶል ተሻገረ፣ በ2022 ደግሞ ሦስተኛው ክፍል በዚያው ላይ ወጣ።

የከፋዩ እጅ በጌሙ ውስጥም ይታያል። ባዮኔታን «ዜልዳ» የተባለው የኔንቴንዶ ጌም ጀግና የሆነውን የሊንክን ልብስ ስናለብሳት የምትሰበስባቸው የወርቅ ቀለበቶች የዜልዳ ዕንቁዎች ይሆናሉ፤ ከማሪዮ ጌሞች የልዕልት ፒችን ቀሚስ ስትለብስ ደግሞ ከሰማይ የሚወርደው የአጋንንት ቡጢ የማሪዮ ጠላት የባውዘር ቡጢ ይሆናል። ማስታወቂያ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ሆኖም በፍቅር ስለተሠራ ደስ ብሎኝ ተጫውቼበታለሁ።

ታሪኩ የተወሳሰበና ደካማ ነው። የምር ቅሬታዬ ግን የመጀመሪያውን ክፍል በፕሌይስቴሽን ወይም በኤክስቦክስ የጨረሰ ሰው ቀጣዩን በዚያው መሣሪያ ማግኘት አለመቻሉ ነው። ስዊች ያለው ሰው ግን አያመንታ፤ በዊ ዩ ላይ አልፎ አልፎ ይታይ የነበረው የምስል መቆራረጥ በዚህኛው በእጅጉ ቀንሷል።