ሻወር ቤታችንን ያደሰልን ሰውዬ የወለሉን ገንዘብ ይመልስልን

ከ5 ኮከብ 1 ነው የሰጠሁት፣ እሷንም ለግድግዳው ብዬ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሴራሚክ እውነቴን ነው ምላችሁ በጣም ጥሩ ስራ ነው፣ መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ቆረጣው ንፁህ፣ ቧንቧው ዙሪያ እንኳን አልተሸረፈም። ወለሉ ግን መፍረስ ያለበት ስራ ነው፣ የወለሉን ገንዘብም አስመልሱልኝ እያልኩ ነው፣ ሰውየው ደሞ እስካሁን ሙሉውን ለመመለስ ፈቃደኛ አልሆነም። ስሙን አላወጣም ምክንያቱም ገና እየተነጋገርን ነው።

የተዋዋልነው የድሮውን ሴራሚክ አንስቶ፣ ሊሾውን እንደገና አፍስሶ፣ ዋተርፕሩፍ (ውሃ እንዳያልፍ ከሴራሚኩ ስር ሚደረግ መከላከያ) ቀብቶ፣ አዲስ ሴራሚክ እንዲያነጥፍ እና የውሃ መውረጃውን እንዲቀይር ነው። ባለቤቴ በጥቅሉ "እድሳት" ተብሎ አንድ ዋጋ እንዲፃፍ እምቢ ብሎ እያንዳንዱን ስራ ለየብቻ አስፅፎ ነበር፣ ዋተርፕሩፉም የእቃውና የእጅ ዋጋው ተለይቶ ውሉ ላይ አለ። ያኔ ሰውየው "ይሄን ያህል ምን ያስፈልጋል" ብሎ ነበር፣ አሁን ግን መከራከር የቻልነው በዛች ወረቀት ነው። የምታሰሩት ስራ ትንሽም ቢሆን እንደዚ አስፅፉ፣ የቱ እንደተበላሸና ዋጋው ስንት እንደነበር ካልተለየ ገንዘብ መልስ ማለት ራሱ ከባድ ነው።

ችግሩ የጀመረው ውሃ ጥግ ላይ መተኛት ሲጀምር ነው። መውረጃው በአንድ በኩል ውሃው በሌላ በኩል፣ ከታጠባችሁ በኋላ በመጥረጊያ እየገፋችሁ ማስወጣት ነው። ደወልኩለት፣ "እህቴ አዲስ ስራ ነው ትንሽ ውሃ መያዝ ያለ ነው" አለኝ። ቆይቶ ከሻወሩ ጀርባ ያለው ክፍል ግድግዳ ከታች ቀለሙ ማበጥ ጀመረ፣ በጣት ስትነኩት ይረግፋል፣ የእርጥበት ሽታውም ልብስ ላይ ሁሉ ገባ። እንደገና ደወልኩ፣ መጣ፣ ሴራሚኩ መሀል ለመሀል ሲሊኮን ቀባብቶ "አሁን ጨርሷል" ብሎ ሄደ። አልጨረሰም፣ እርጥበቱ እንደውም ወደ ላይ ወጣ።

እዚህ ጋር ትንሽ ልዘርዝር ምክንያቱም ብዙ ሰው ሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ሴራሚክና መሀሉ ላይ ሚሞላው ግራውት ውሃን ሙሉ በሙሉ አያግዱም፣ ተራው ግራውት ሲሚንቶ ስለሆነ ውሃ ይመጥጣል፣ ወደ ስርም ያሳልፋል። ውሃውን ሚያግደው ከሴራሚኩ ስር ያለው ዋተርፕሩፍ ነው፣ እሱም ወለሉ ላይ ብቻ ሳይቀር ግድግዳው ላይም ወጣ ብሎ መቀባት አለበት፣ ጥግ ጥጉ ላይ ደሞ ማጠናከሪያ ጨርቅ ወይም ቴፕ ይገባበታል፣ ሚቀባው አይነት ከሆነ ቢያንስ ሁለት እጅ፣ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛው አይቀባም። ወለሉ ደሞ በ1 ሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ያህል ወደ መውረጃው ማዘቅዘቅ አለበት። ስለዚ ዋተርፕሩፉ ከስር ከሌለ ከላይ ምንም ያህል ሲሊኮን ብትቀቡ ጊዜ ከመግዛት ውጪ ምንም ነገር አያመጣም።

ሌላ ባለሙያ አምጥተን አሳየን። ሰውየው ብዙም አላወራም፣ ውሃ ልኩን ወለሉ ላይ አስቀመጠና "እዩት" አለን፣ አረፋዋ ወደ መውረጃው በኩል ሄዳ ቆመች። አረፋ ወደ ከፍታው ነው ምትሄደው፣ ማለትም መውረጃው ያለበት ጎን ከሌላው ከፍ ብሏል ማለት ነው። ከዛ በመዶሻው እጀታ ሴራሚኩን እያንኳኳ ዞረ፣ አንዳንዱ ድፍን ድምፅ አለው፣ አብዛኛው ግን እንደ ባዶ ጀሪካን ነው ሚጮኸው። አንዱን እንዲያነሳልን ጠየቅነው።

ከማንሳታችን በፊት ግን ለመጀመሪያው ሰውዬ "ወንድሜ በዚህ ቀን በዚህ ሰአት አንድ ሴራሚክ ልናነሳ ነው፣ መጥተህ አብረኸን እንድታይ" ብለን በፅሁፍ ላክንለት። አይቶታል፣ አልመጣም። ሲነሳ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቪዲዮ ቀረፅን። ከስሩ የወጣው አራቱ ጫፍና መሀሉ ላይ እፍኝ እፍኝ የተደረገ ማጣበቂያ፣ የቀረው ባዶ፣ ባዶው ውስጥ ደሞ የተኛ ውሃ፣ ሽታው አይነገርም። ሊሾው ላይ የዋተርፕሩፍ ምልክት የለም፣ እርቃኑን ያለ ሲሚንቶ ነው፣ በጥፍር ስንፍቀው አሸዋው ተነሳ። የተነሳውን ሴራሚክ ጀርባውን ፎቶ አንስተን እስካሁን አስቀምጠነዋል።

እንግዲህ የገንዘቡ ክርክር ከዚህ ነው ሚጀምረው። በመጀመሪያ "ሌላ ሰው ስለነካው ዋስትናው ወድቋል" አለን፣ ቀድመን በፅሁፍ እንደጠራነው ስናሳየው እሱን ተወው። ቀጥሎ "እሺ የዋተርፕሩፉን ዋጋ ልመልስላችሁ" አለ። ሲሰሙት ፍትሃዊ ይመስላል አይደል፣ ያልሰራውን ስራ ዋጋ መለሰ ማለት ነው። እኔ ግን በፍፁም አልስማማም። የጎደለው ነገር ዋጋው ትንሽ ነው ግን ከሁሉም ስር ነው ያለው፣ እሱን ለማስገባት ሴራሚኩ ይፈርሳል፣ ሊሾው ይነሳል፣ ግድግዳው ላይ ያለው የመጀመሪያው ረድፍም አብሮ ይሄዳል። ስለዚ ኪሳራው የዋተርፕሩፉ ዋጋ አይደለም፣ የሙሉው ወለል ዋጋ ነው፣ ይሄን ነጥብ አጥብቃችሁ ያዙ ምክንያቱም እንዲህ አይነት ስራ ያበላሸ ሰው ሁሌም የጎደለችውን ትንሿን እቃ ብቻ ቆጥሮ ነው ሚመጣው።

"በነፃ መጥቼ ላስተካክል፣ እቃውን እናንተ ግዙ" ሚልም አማራጭ አምጥቶ ነበር። ሰሪው እንዲያስተካክል እድል መስጠት ተገቢ ነው፣ በህግም ቢሆን በብዙ ቦታ መጀመሪያ ሚጠየቀው እሱ ነው፣ እኛም ሰጥተነዋል፣ ሲሊኮን ቀብቶ ሄደ። አሁን ግን ቪዲዮውን እያየ "ዋተርፕሩፍ ተቀብቷል" ብሎ ሚከራከር ሰው ሁለተኛ ሲሰራ ይቀባዋል ብዬ እንዴት ልመን? ለዛውም ከተሸፈነ በኋላ ማየት አይቻልም።

የጠየቅነው ይሄ ነው፦ የወለሉ የእጅ ዋጋ በሙሉ፣ የዋተርፕሩፉ፣ ሲነሳ ሚሰበረው ሴራሚክ፣ ማፍረሻው እና ከሻወሩ ጀርባ ያለው ክፍል የተበላሸው ቀለም። የግድግዳውን፣ የእጅ መታጠቢያውንና የቧንቧውን ስራ ገንዘብ አንድም አልጠየቅንም ምክንያቱም ጥሩ ሰርቷል። ይሄን መለየታችን ጠቅሞናል፣ መጀመሪያ "ሁሉንም ልትወስዱብኝ ነው" ብሎ ሲጮህ የነበረ ሰው ዝርዝሩን ሲያይ ረጋ ብሎ መነጋገር ጀመረ። ደብዳቤውን አንድ ገፅ አድርገን፣ ፎቶዎቹን፣ ደረሰኙንና ሁለተኛው ባለሙያ የፃፈልንን አያይዘን፣ እስከዚህ ቀን መልስ ካላገኘን ወደ ህግ እንሄዳለን ብለን ቀኑን ፅፈን ሰጠነው። በስልክ ስናወራ የተባለውንም ማታ ማታ "ዛሬ እንዲህ ተባብለናል" እያልን በቴክስት እንልክለታለን፣ በኋላ አላልኩም እንዳይል።

ሳትሰሩ በፊት ለምታነቡ አንድ ነገር ልጨምር። ዋተርፕሩፉ ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ፣ ሴራሚክ ከመንጠፉ በፊት፣ መውረጃው ተደፍኖ ወለሉ ላይ ውሃ ይሞላና 24 ሰአት ይቆያል፣ ውሃው የደረሰበት ላይ በእርሳስ ምልክት ይደረጋል፣ በማግስቱ ውሃው ከምልክቱ መውረድ አለመውረዱን፣ ከስርና ከጀርባ ያለው ክፍል መርጠብ አለመርጠቡን ታያላችሁ። ጎበዝ ባለሙያ ይሄን ስትጠይቁት ቅር አይለውም። የመጨረሻው ክፍያም ከዚህ ሙከራ በኋላ እንዲሆን ውሉ ላይ አስገቡት።

እስካሁን የዋተርፕሩፉን ዋጋ ልኳል፣ ተቀብለናል፣ ግን ስንቀበል "ይሄ ከጠቅላላው ላይ ሚታሰብ ነው፣ ጉዳዩ አልተዘጋም" ብለን ፅፈን ነው። ቀሪውን ከከፈለ እዚሁ ላይ እፅፋለሁ፣ ኮከቡንም አስተካክላለሁ። ግድግዳ ብቻ ለሚያሰራ ሰው እጁ ጥሩ ነው፣ ውሃ ሚነካው ወለል ግን በውሃ ሞልቶ ካላሳያችሁ አትስጡት።