ሶላር ፋየር፦ በሙቀት ወራት ፍሬ የያዘልኝ ቲማቲም

ሦስት የሙቀት ወቅት በተከታታይ ቲማቲሜ አበባ ብቻ ሆኖ ቀረ። ቅጠሉ ያምራል። ግንዱ ወፍራም ነው። ፍሬ ግን የለም።

ጠዋት ጠዋት እያጎነበስኩ አያቸው ነበር። አበባዋን የተሸከመችው ቀጭን አገዳ መሃሏ ላይ እንደ ጉልበት ያለች አንጓ አለች። መጀመሪያ የምትገረጣው እሷ ናት። ከዚያ በጣት ጫፍ ነካ ስታደርጓት አበባዋ መዳፋችሁ ላይ ዱብ ትላለች። ውሃ ጨመርኩ፤ ማዳበሪያ ጨመርኩ። ቅጠሉ በዛ እንጂ ሌላ ለውጥ አላየሁም።

ጥፋቱ የሙቀቱ እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው። ቀኑ ከ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን፣ ሌሊቱም ከ21 በታች አልወርድ ሲል፣ የአበባው ብናኝ አቅም ያጣል። ያልዳበረ አበባ ደግሞ ይረግፋል። ሁላችንም የቀኑን ፀሐይ እንራገማለን፤ የሌሊቱ ሙቀት ግን ከዚያ ባልተናነሰ ይጎዳዋል።

ዘንድሮ ሶላር ፋየር የሚባለውን ዘር ሞከርኩ። የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ አዳቃዮች ሙቀት እንዲችል ብለው ያወጡት ዲቃላ ነው፤ በክብ በክብ ተቆርጦ የሚበላው ትልቁ የቲማቲም ዓይነት። ስድስት ችግኝ ተከልኩ። ለማነጻጸር ደግሞ ለዓመታት የለመድኩትን ዓይነት ሁለት እግር አጠገባቸው አደረግኩ። አፈሩም ውሃውም አንድ ነው።

አበባው በፈነዳበት ሳምንት ጥላ ውስጥ የሰቀልኩት ቴርሞሜትር ቀን 34፣ ሌሊት 23 ያነብ ነበር። የለመድኩት ዓይነት አበባውን እንዳለ አራገፈው። ሶላር ፋየር ከመጀመሪያው ዘለላ ላይ ከአምስት አበባ ሦስቱን ቋጠረ። የአተር ፍሬ የምታክል አረንጓዴ ነገር ከደረቀው አበባ ስር ብቅ ብላ ሳይ የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም።

ችግኙን በተከልኩ በ76ኛው ቀን የመጀመሪያውን ቀጠፍኩ። 210 ግራም መዘነ። ቢላው ሲያልፍበት ሥጋው ጠንከር ያለ ነው፤ ዘሩና ውሃው ከየቦታው አልፈሰሰም። ቀጭን አድርጌ ብቆርጠውም ቅርጹን ያዘ። ጣዕሙ ደስ የሚል ኮምጠጥ ያለ ነው። ጣፋጭነቱ ግን በቀዝቃዛ ወቅት ከሚደርስ ቲማቲም ያንሳል። ለጣዕም ብቻ ብትሉኝ፣ የአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ በ1971 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ሮዝ መልክ ያለውን አርካንሳስ ትራቭለርን እመርጣለሁ። እሱም ሙቀት ይችላል፤ ግን ቁመቱ ማቆሚያ ስለሌለው ረጅምና ጠንካራ ድጋፍ ይፈልጋል። ሶላር ፋየር አጭር ነው፤ አንድ እንጨት በቃው።

ቅር ያሰኘኝ አንድ ነገር፣ አብዛኛውን ፍሬ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሰጥቶ መድከሙ ነው። የዚህ ዓይነት አጭር ቲማቲም ጠባዩ እንደዚያ ነው። አንድ ላይ ከመትከል ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ከወር በኋላ መትከል ይሻላል። ዲቃላ ስለሆነም ከፍሬው ዘር አውጥታችሁ ብትዘሩ እናቱን አይመስልም።

ሙቀት ይችላል ማለት ደግሞ ተክላችሁ ትተዉታላችሁ ማለት አይደለም። እኔ ስሩን በደረቅ ሣር አራት ጣት ያህል ጎዘጎዝኩለት፤ ጠዋት ጠዋት ጠለቅ አድርጌ አጠጣሁት። ከሰዓት በኋላ ከፀሐዩ ሲሶውን የሚከለክል የጥላ መረብ ዘረጋሁ። ለአራት ቀን ውሃ ያቋረጥኩበት ሳምንት ነበር። ከዚያ ወዲያ ሁለት ፍሬ መቀመጫቸው ጠቁሮ በሰበሰ። አፈሩ ውስጥ ካልሲየም ቢኖርም ውሃው ሲቆራረጥ ወደ ፍሬው አይደርስም።

ሌላው የፍሬው ትከሻ፣ ማለትም በአገዳው ዙሪያ ያለው ላይኛው ክፍል፣ ቢጫ ሆኖ መቅረቱ ነው። ከ30 ዲግሪ በላይ ቲማቲም ቀይ ቀለሙን በደንብ አይሠራም። ስለዚህ ሮዝ ማለት ሲጀምር ቀጥፌ ቤት ውስጥ ጥላ ላይ አስቀመጥኩት። በአራት በአምስት ቀን እኩል ቀላ፤ ጣዕሙም አልቀነሰም። ፍሪጅ ውስጥ ግን አታስገቡት።

ስትገዙ ማሸጊያው ላይ ያለውን ቀን እዩ። የኔው ሻጭ የሰጠኝ የቆየ ዘር ነበር፤ ከ20ው የበቀለው 9 ብቻ ነው። ለሚቀጥለው ወቅት አዲስ ዘር አዝዣለሁ፦ አምስት እግር መጀመሪያ፣ አምስቱን ከወር በኋላ እተክላለሁ።