ለጀማሪ የቱ የመኪና ፖሊሽ ማሽን ይሻላል፦ ሮታሪ ወይስ ዱዋል አክሽን?

ሮታሪ በአንድ ዘንግ ብቻ ይሽከረከራል፤ ዱዋል አክሽን እየዞረም ይወዛወዛል። ልዩነቱ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

ፍጥነት፦ ጥልቅ ጭረትን ሮታሪ ቶሎ ያነሳል። ዱዋል አክሽን መደጋገም ይፈልጋል፤ አጥብቀው ከተጫኑት ፓዱ (ቀለሙን የሚፈትገው ስፖንጅ) መዞሩን ያቆማል።

አደጋ፦ ለጀማሪ ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። ሮታሪ አንድ ቦታ ከቆየ ቀለሙን ያግላል፤ በኮፈንና በበር ጠርዝ ላይ ክሊሩ (ከቀለሙ በላይ ያለው አንጸባራቂ ሽፋን) ስስ ስለሆነ በሰከንዶች ይበላዋል። ክሊር ባለው መኪና ላይ ነጭ ፓድ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ክሊሩ አልቋል፤ ያኔ ድጋሚ ከመቀባት ውጪ መፍትሔ የለም። ጠርዙን በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑ፣ በደቂቃ 1000 ዙር አካባቢ ይጀምሩ፣ ፓዱን ለጥ አድርገው ሳያቆሙ ይንዱት። ካጋደለ ፀሐይ ላይ የሚታይ የጭረት ጥላ ይተዋል።

የራስዎን መኪና አልፎ አልፎ ለማሳመር ዱዋል አክሽን ይበቃል። ሙያው ሊያደርጉት ካሰቡ ሮታሪን በተጣለ ኮፈን ላይ ይለማመዱ፤ ማጠናቀቂያውን ግን በዱዋል አክሽን ይሥሩት።